ተራራን በፈላ ውሃ የለካው ሰው፤ የአንቷን ዳባዲ የሕይወት ታሪክ

ስለ ሣይንስ ሊቃውንት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው የሚነሣው ኒውተን፣ ጋሊሊዮና አርኪሜደስ ናቸው። እነዚህ ሰዎች አገራችንን አላዩም። ዛሬ የምናነሣው ሰው ግን ከምፅዋ ተነሥቶ፣ ጎንደርንና ጎጃምን አይቶ፣ በእናርያ በኩል እዚሁ ከፋ፣ ቦንጋ ድረስ የመጣ ነው። በኢትዮጵያ ጉዞው ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ቴርሞሜትር ነበር። ቴርሞሜትሩን የያዘው ግን የበሽተኛ ትኩሳት ሊለካበት አይደለም፤ የተራራ ከፍታ ሊለካበት ነው።

ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል አይደል? እንቆቅልሹን ስንፈታው ነገ ክፍል ገብተን የምናስተምረው የሙቀትና የመጠነ ሙቀት ትምህርት አብሮ ይፈታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ልደቱና ትምህርቱ

አንቷን ዳባዲ ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የፈረንሳይ ባስክ ተወላጅ ሲሆን እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ስለ ተመለሰ ትምህርቱን የተከታተለው እዚያው ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሁለት ነገሮች ይስቡት ነበር፤ አንደኛው ቋንቋ ሲሆን ሁለተኛው ልኬት ነው። በ1836 የፈረንሳይ የሣይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢስ እንዲያጠና ወደ ብራዚል ላከው። እንግዲህ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ጀማሪ አልነበረም፤ መሣሪያ ይዞ፣ ቁጥር መዝግቦ፣ የመዘገበውን ደግሞ መርምሮ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ

በ1838 መጀመሪያ ላይ ዳባዲ ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምፅዋ ወረደ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። መንገዱ ከአንዱ ገዢ ግዛት ወደ ሌላው ግዛት የሚያሻግር ስለሆነ በየቦታው ፈቃድና አጃቢ መለመን የግድ ነበር። ዳባዲ የያዛቸው መሣሪያዎች ለሥራው እንደማይበቁ ስለ ተገነዘበ የተሻሉ ይዞ ለመምጣት ወደ አውሮፓ ተመልሶ ሄደ፤ በ1840 እንደገና መጣ። አርኖ በበኩሉ በጎጃም ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ይኖር ነበር።

ኑሮው ቀላል አልነበረም። ዓይኑን ታሞ ብዙ ተሠቃይቷል። ሆኖም የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፣ በድምሩ ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዚህ ምድር ላይ ሠራ። ዋናው ዓላማው የኢትዮጵያን ከፍተኛ ምድር ካርታ በትክክለኛ ልኬት ማንሣት ነበር። ይህን ለማድረግ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ በቴዎዶላይት ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ያለውን አንግል ይለካል። አንግሎቹ ሲያያዙ ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ፤ ሦስት ማዕዘኖቹ ሲያያዙ ደግሞ አገር ይሆናሉ።

አንግል ግን ብቻውን አይበቃም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ነው የሚለው ጥያቄም መመለስ አለበት። ቴርሞሜትሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ባሮሜትሩ ቢሰበርስ?

ከፍታን ለማወቅ በዚያን ዘመን የታወቀው ዘዴ የአየርን ግፊት በባሮሜትር መለካት ነበር። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር እያነሰ ስለሚሄድ ግፊቱ ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ የአየር ግፊት 76 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን የሜርኩሪ ዓምድ ደግፎ ሲይዝ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በቦንጋ ግን የሚይዘው ወደ 62 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። መርሁ ጥሩ ነው። ችግሩ ወዲህ ነው፤ አንድ ሜትር የሚጠጋ የብርጭቆ ቱቦ ሜርኩሪ ሞልቶ በበቅሎ ጭኖ፣ ቁልቁለትና ዳገት፣ ወንዝና ጭቃ አሻግሮ ማድረስ! አንዴ ከተሰበረ ደግሞ የሚጠገንበት ቦታ የለም።

መፍትሔው ውሃ ማፍላት ሆነ። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ካለው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። የአየሩ ግፊት ካነሰ ውሃው ብዙ ሳይግል ይፈላል። ስለዚህ ውሃው በስንት ዲግሪ እንደ ፈላ ካወቅን የአየሩን ግፊት፣ ከግፊቱም ከፍታውን ማወቅ እንችላለን። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው መሣሪያ ሂፕሶሜትር ይባላል። ትንሽ የማፍያ ዕቃና አንድ ቀጭን ቴርሞሜትር ነው፤ ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው ውሃው ውስጥ ሳይሆን ከውሃው በላይ ባለው እንፋሎት ውስጥ ነው። ምክንያቱም ውሃው ጨው ወይም ቆሻሻ ካለበት የራሱ ዲግሪ ትንሽ ሊዛባ ይችላል፤ እንፋሎቱ ግን ከአየሩ ግፊት ጋር ይስማማል።

በግምት ለመናገር፣ 300 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት መጠነ ሙቀት 1 ዲግሪ ሴልሽየስ ያህል ይቀንሳል። በምፅዋ ወደ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በቦንጋ በ94፣ በአዲስ አበባ በ92፣ በራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ደግሞ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል ማለት ነው። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቴርሞሜትሩን ስናነብ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ብንሳሳት ከፍታው ላይ 30 ሜትር እንሳሳታለን። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ቴርሞሜትር በጣም ደቃቅ ክፍልፋይ የተሣለበት፣ አንባቢውም ትዕግሥተኛ መሆን ነበረበት።

ሦስት ቁጥር፣ አንድ ውሃ

ስለ ዲግሪ ስናነሣ የትኛው ዲግሪ? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በዳባዲ ዘመን በአውሮፓ ሦስት ልኬቶች ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። በፋራናይት ልኬት በረዶ በ32፣ ውሃ በ212 ነው። በረዎሚር ልኬት በረዶ በ0፣ ውሃ በ80 ነው። በሴልሽየስ ልኬት በረዶ በ0፣ ውሃ በ100 ነው። በቦንጋ የፈላ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ውስጥ ሦስቱንም ቴርሞሜትሮች ብንነክራቸው አንደኛው 94፣ ሁለተኛው 75 ገደማ፣ ሦስተኛው 201 ገደማ ይላሉ። ውሃው ግን ያው አንድ ውሃ ነው። የተለያየው ሰዎች መሰላሉን የከፋፈሉበት መንገድ ብቻ ነው።

ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሽየስ ልኬቱን በ1742 ሲያቀርብ ውሃ የሚፈላበት ነጥብ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ በደንብ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ነጥቡን ከተወሰነ የአየር ግፊት ጋር አያይዞ ነው የወሰነው። እንግዲህ ልኬቱ ገና ከመወለዱ ጀምሮ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ቅድመ ሁኔታውን ጥለን ቁጥሩን ብቻ የያዝነው እኛ ነን።

ሌላም ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የቦንጋ ውሃ ከባሕር ዳርቻ ውሃ በ6 ዲግሪ ሴልሽየስ ዝቅ ብሎ ይፈላል። ይህ ልዩነት በፋራናይት ስንት ነው? አንዳንዱ 6ን በ1.8 አባዝቶ 32 ይደምርና 42.8 ይላል። ስህተት ነው። 32 የሚደመረው አንድን ነጥብ ከአንዱ ልኬት ወደ ሌላው ስናዛውር እንጂ ልዩነትን ስናዛውር አይደለም። ትክክለኛው መልስ 10.8 ነው፤ ከ212 ላይ 201.2 ቀንሶ ማየት ይቻላል።

ወደ ከፋ

በ1843 ዳባዲ ወደ ጊቤ አገሮች ዘልቆ እናርያ ገባ። በዚያን ጊዜ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ታዋቂው አባ ባጊቦ ነበሩ። ንጉሡ ከከፋ ቤተ መንግሥት ሚስት ሊያመጡ መልእክተኞች ሲልኩ ዳባዲ አብሮ የመሄድ ዕድል አገኘ። የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ቦንጋ ደረሰ። ከፋ ያን ጊዜ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር፤ ነፃነቱን እስከ 1897 ጠብቆ ቆይቷል። ዳባዲ ቦንጋ የቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ቢሆንም ጉዞው ከምፅዋ የጀመረውን የልኬት ሰንሰለት ወደ ከፋ ምድር ያደረሰ በመሆኑ በጂኦግራፊ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ተሰጥቶታል።

ትንሹ ጀበናና ትልቁ ድስት

ወደ ፊዚክሱ እንመለስ። ዳባዲን የመሰለ መንገደኛ ከፍታ ለመለካት ስንት ውሃ ማፍላት ነበረበት? መልሱ ደስ የሚል ነው፤ የፈለገውን ያህል! ግማሽ ሊትር በጀበና ቢያፈላ፣ አሥር ሊትር በድስት ቢያፈላ፣ በዚያው ቦታ ላይ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው ያንኑ 94 ዲግሪ ነው። መጠነ ሙቀት የውሃውን ብዛት አይጠይቅም።

ማገዶው ግን ይጠይቃል። 1 ኪሎግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 4,200 ጁል ያስፈልጋል። በፊዚክስ መጽሐፋችን ስፔሲፊክ ሂት ካፓሲቲ የተባለው ይኸው ነው፤ አንድ ኪሎግራም የሆነ ነገር አንድ ዲግሪ ከፍ ለማለት የሚፈልገው ሙቀት ማለት ነው። ከ20 ዲግሪ እስከ 94 ያለው ልዩነት 74 ነው። ስለዚህ ግማሽ ኪሎግራሙ ውሃ 0.5 × 4,200 × 74 = 155,400 ጁል ሲፈልግ፣ አሥር ኪሎግራሙ 3,108,000 ጁል ይፈልጋል። ቴርሞሜትሩ ላይ እኩል ናቸው፤ ምድጃው ላይ ግን አንዱ የሌላው ሃያ እጥፍ ነው። በሙቀትና በመጠነ ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም።

የነገሩ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። 1 ኪሎግራም ብረት በ1 ዲግሪ ለመሞቅ የሚበቃው ወደ 450 ጁል ብቻ ነው፤ ውሃ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ይፈልጋል። ባዶ የብረት ድስት እሳት ላይ ሲጣድ ቶሎ የሚያቃጥለው፣ ውሃ የሞላው ግን ቀስ ብሎ የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃው ከፈላ በኋላስ? እሳት ብንጨምርበት ቴርሞሜትሩ ከ94 አያልፍም። የተጨመረው ሙቀት የሚሄደው ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በ1760ዎቹ ይህን ተመራምሮ ድብቅ ሙቀት ብሎታል። ዛሬ እንደምናውቀው 1 ኪሎግራም የፈላ ውሃን በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ ወደ 2,260,000 ጁል ይፈጃል፤ ይህ ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ በላይ ነው። ቴርሞሜትሩ ፈልቶ ባለ ውሃ ላይ ሳይንቀሳቀስ የሚቆመው፣ ተጓዡም ሳይጣደፍ ማንበብ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለእናቶቻችንም ትምህርት አለው። ቦሎቄ በቦንጋ ከቆላው አገር ይልቅ ለመብሰል የሚዘገየው ውሃው በዝቅተኛ ዲግሪ ስለሚፈላ ነው። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት መማገድ እንፋሎቱን ያበዛል እንጂ ቦሎቄውን አያፈጥነውም። ድስቱን ከድኖ እሳቱን መቀነስ ይሻላል፤ ጫካችንም በዚያው ይተርፋል።

የዓባይ ምንጭ ጉዳይ

የሰው ልጅ ታሪክ ሲጻፍ ጥሩ ጥሩው ብቻ መነገር የለበትም። ዳባዲ በልኬት ጠንቃቃ ቢሆንም በአንድ ትልቅ ነገር ተሳስቷል። በ1846 ከወንድሙ ጋር ወደ ጊቤ ወንዝ ምንጭ ሄዶ የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘሁ ብሎ ለዓለም አስታወቀ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ አጥብቆ ተቃወመው፤ ክርክሩም ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ዛሬ እንደሚታወቀው ጊቤ ከጎጀብ ጋር ሆኖ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞ ደግሞ የሚፈስሰው ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው እንጂ ከዓባይ ጋር አይገናኝም። የኦሞ መጨረሻ በ1896 በጣሊያናዊው ቦቴጎ ጉዞ ሲረጋገጥ ዳባዲ የ86 ዓመት ሽማግሌ ነበር።

ስህተቱ የመጣው ከቴርሞሜትሩ አልነበረም። የመጣው ካልተለካው ነው። በዓይኑ ያየው የወንዙን ራስ ብቻ ሲሆን ስለ ቀረው መንገድ የደመደመው በግምትና በሰው ወሬ ነበር። የለካውን ካልለካው ለይቶ ቢናገር ኖሮ ክርክሩ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

የመጨረሻ ዘመኑ

ዳባዲ በ1840ዎቹ መጨረሻ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ የሰበሰበውን ማስላትና ማሳተም ጀመረ። በ1850 ሁለቱ ወንድማማቾች ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ። በአገራችን ሳለ አንዳንዱን ገዝቶ፣ አንዳንዱን አስገልብጦ ያከማቻቸውን 234 የብራና መጻሕፍት ዝርዝር በ1859 አሳተመ፤ መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የኢትዮጵያ ልኬቱ ከ1860 እስከ 1873 በተከታታይ ታተመ። ለአንድ ሥራ ይህን ያህል ዓመት የፈጀው እያንዳንዱን ቁጥር እንደገና ስለሚያሰላ ነው። በ1881 ደግሞ 15 ሺህ ያህል ቃላት የያዘ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ።

በስፔን ድንበር አጠገብ በአንዳይ ከተማ የኮከብ መመልከቻ ያለበት ትልቅ ግንብ አሠራ። ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ሥዕሎችና የአማርኛ ጽሑፎች ይታያሉ። በመመልከቻው ያለው መሣሪያ ቀጥተኛውን አንግል በ90 ሳይሆን በ100 የሚከፍል ነው፤ ዳባዲ አንግልም እንደ ሜትር በአሥርና በመቶ ቢከፈል ስሌት ይቀላል ባይ ነበር። ልኬት የሰው ስምምነት መሆኑን ይህም ያስታውሰናል። በዚያው ግንብ ውስጥ ግድግዳ አስበስቶ ሩቅ ያለ ተራራን በቴሌስኮፕ በማየት ብርሃን በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ሊመረምር ሞክሮ ነበር። ሙከራው አልተሳካም። እሱም ነገሩን አልደበቀም፤ ቀዳዳውን ደፍኖ ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ በባስክ ቋንቋ ድንጋይ ላይ አስቀረጸ።

በ1882፣ በ72 ዓመቱ፣ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ወደ ሄይቲ የተላከውን ቡድን መራ። ግንቡንና ሀብቱን ለሣይንስ አካዳሚ አውርሶ ማርች 19 ቀን 1897 በፓሪስ አረፈ።

ለእኛ ምን ይለናል?

ነገ ከእኛ መካከል አንዱ ደካ፣ ሌላው ቦንጋ፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይመደባል። ተማሪው ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትር ቢነክር 94 ያነባል። መጽሐፉ 100 ይላል። መምህሩ በዚያች ደቂቃ የሚናገረው ነገር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፣ አንተ 100 ብለህ ጻፍ ቢለው ልጁ የሚማረው ፊዚክስ ሳይሆን ዓይኑን አለማመን ነው። ዳባዲን የመሰለ ሰው ግን ያችን የ6 ዲግሪ ጉድለት ነበር ከፍታ አድርጎ የቆጠራት። በመጽሐፉ መሠረት ስህተት የምትመስለው ልዩነት የአገራችን ከፍታ ናት።

ስለዚህ በፈተና ወረቀት ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል ብለን ስንጠይቅ በባሕር ወለል ወይም በመደበኛ የአየር ግፊት የሚለውን እንጨምርበት። ቴርሞሜትር ስንፈትን የቦታውን ከፍታ እናስብ። የክሊኒክ ቴርሞሜትር የተሠራው ለሰውነት ሙቀት ስለሆነ ፈልቶ ባለ ውሃ ውስጥ ከገባ እንደሚሰበር ለተማሪዎች አስቀድመን እንንገራቸው።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ። በአንድ መንደር ውሃ በ92 ዲግሪ ሴልሽየስ ይፈላል። መንደሩ በግምት ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? ዲግሪው በፋራናይት ስንት ይሆናል? 2 ኪሎግራም ውሃን ከ22 ዲግሪ አንሥቶ እዚያ ለማፍላትስ ስንት ጁል ያስፈልጋል? ሠርታችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር አስተያዩ።